ያላየሁት ኮፒ

እኛ ፊልም በሠራንባቸው ዓመታት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኦሪጅናል ሲዲ የሚሸጥ ሱቅ አላውቅም። ሱቁ ሁሉ የሚሸጠው ኮፒ ነበር፤ ገዢውም ኮፒ መሆን አለመሆኑን አይጠይቅም። «አይቆራረጥም?» ይላል፤ ባለሱቁ «ከተቆራረጠ መልሰው» ይለዋል፤ በዚህ ይስማማሉ። እኔም የማየው ፊልም ሁሉ ከዚያው የተገዛ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስትሠራ የከረመች ሴት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ አንድ ፊልም ማየት ሲያምራት ባለቤቱ ማነው ብላ አታስብም። እኔ አስቤ አላውቅም ነበር፤ የራሳችን እስኪመጣ ድረስ።

ያኔ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። መስኮቱ ጠባብ፣ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስም እጠይቃለሁ፣ ካርድ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ወረፋ የዘለለ ሰው ስገሥጽ አንድ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ሰልፉ ውስጥ ቆመው ሰምተውኛል። ተራቸው ሲደርስ ካርዳቸውን ተቀብለው አልሄዱም። ፊልም ጽፌአለሁ፣ ልጇን የምትፈልግ እናት አለችበት፣ ድምፅሽ የሷ ነው አሉኝ። ሳቅሁ። ሠላሳ ዓመቴን ገና ማለፌ ነው፤ እናትየዋ ደግሞ በዕድሜ የገፋች የገጠር ሴት ናት። መምህር ግን በሳምንቱ ተመልሰው መጡና ጽሑፉን በመስኮቱ አሾልከው ሰጡኝ። ቤት ወስጄ አነበብሁት። ልጄን ብቻዬን ነበር የማሳድገው፤ ያቺን እናት ያወቅኋት መሰለኝ። በማግሥቱ እሺ አልኋቸው።

ቡድናችን ትንሽ ነበር። መምህር ጸሐፊውም ዳይሬክተሩም ነበሩ። ሠርግ የሚቀርጽ አንድ ሰው ካሜራውንና ኮምፒዩተሩን ይዞ ገባ። አንድ ልብስ ሰፊ የፊልሙን ልብስ ሁሉ ሰፋ፤ የክፉውን አከራይ ሚናም እሱው ወሰደ። አንድ ኤሌክትሪሻን መብራቱን ያዘ። ልጄን ሆና የምትሠራው የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። ሁላችንም ከደመወዛችን አዋጣን፤ መምህር ደግሞ ቁይ ከተማ አጠገብ ከአባታቸው የወረሱትን ባሕር ዛፍ አስቆርጠው ሸጡ። ፊልሙ ሲሸጥ ትርፉን እንካፈላለን ተባብለን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰብስበን የምንሠራው ነገር ማግኘታችን ብቻውን ደስ ይለን ነበር።

ቁይ ገበያ ላይ ስንቀርጽ የሆነውን አልረሳውም። ፀጉሬ ላይ ዱቄት ነስንሰው፣ ያረጀ ነጠላ አልብሰው፣ ልጄን ያያችሁ እያልሁ በገበያተኛው መሀል እንድሄድ አደረጉኝ። ካሜራ አንሺው ራቅ ብሎ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው የሚቀርጸው። አንዲት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት እውነት መስሏት ተነሥታ ክንዴን ያዘችኝ፤ ልጅሽ ምን ትመስላለች፣ ምን ለብሳ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ፊልም ነው ብላት ቀረጻው ይበላሻል፤ ዝም ብላት ደግሞ ሴትዮዋ ታዝናለች። በጽሑፉ ውስጥ ያለችውን ልጅ መልክ ነገርኋት። ሽንኩርቷን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ከኔ ጋር ስትፈልግ ቆየች። ሲያልቅ ሄጄ እውነቱን ነገርኋት። አልተቀየመችም፤ ልጅ ካልጠፋ ምን ገዶኝ ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ያ እንዳለ ፊልሙ ውስጥ ገባ።

በፊልሙ መጨረሻ እናት ልጇን አውቶብስ ተራ ታገኛታለች። በመምህር ጽሑፍ እናትየዋ ልጅቷን እንዳየቻት በጥፊ ትመታታለች፤ ከዚያ ታቅፋታለች። ይህ አልዋጥልኝ አለ። ያን ያህል የፈለገቻትን ልጅ ስታገኝ እጇ ለጥፊ የሚነሣ አይመስለኝም አልኋቸው። መምህር የገጠር እናት እንዲህ ናት ብለው አልሰሙኝም። መታኋት። ደጋግመን ስለቀረጽነው የልጅቷ ጉንጭ ቀላ፤ እኔም ወደ ቤቴ ስሄድ መዳፌ ራሱ የሚያመኝ መሰለኝ።

ፊልሙ ከነጥፊው ተቆርጦ ተቀጣጥሎ አለቀ። ድምፁ ጥሩ ስላልነበረ መምህር ኮምፒዩተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በአውቶብስ አዲስ አበባ ወሰዱት፤ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ትተውት ከርመው አሠርተው መለሱት። ከተመለሱ በኋላ ነው አንድ ቀን ካርድ መስኮቱ ላይ መጥተው፣ ደጋግሜ አየሁት፣ ልክ ነበርሽ ያሉኝ። መምህር እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ የሚናገሩ ሰው አልነበሩምና ደስ አለኝ። እኔና ልጅቷ፣ መምህርና ካሜራ አንሺው ብቻ ሆነን አውቶብስ ተራ ተመልሰን እንደገና ቀረጽነው። በአዲሱ እናትየዋ ምንም አትናገርም፤ ልጅቷ የያዘችውን ሻንጣ ተቀብላ በራሷ ትከሻ ላይ ታደርግና አብረው ይሄዳሉ። ጥፊው ወጣ፣ ይህ ገባ።

ፊልሙን መጀመሪያ ያሳየነው በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነው። ዝናብ ነበር፤ ሰው ግን ጢም ብሎ ሞላ። መብራት መሀል ላይ ጠፍቶ ጄነሬተር እስኪነሣ ድረስ ማንም ከወንበሩ አልተነሣም። ሲያልቅ ያጨበጨቡት ጭብጨባ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በከተማው «እማማ» ተባልሁ፤ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሴቶች ሳይቀሩ እማማ ይሉኝ ነበር።

እናቴ ግን አላየችውም። አማኑኤል ከተማ ነው የምትኖረው፤ እግሯ አብጦ ከቤት መውጣት አቁማለች። መምህርን አንድ ሲዲ እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው። አዲስ አበባ ያለ አከፋፋይ ፊልሙን በሲዲ ለማውጣት ሊዋዋለን ስለነበረ እስከዚያ ድረስ አንድም ሲዲ ከእጃችን እንዳይወጣ ተስማምተን ነበር። መምህር ትንሽ አመነቱና ሰጡኝ። ከእጅሽ እንዳይወጣ አሉኝ። ቅዳሜ በሚኒባስ ይዤው ሄድሁ። እናቴ ቤት ዴክ ስለሌለ ጎረቤቷ የራሳቸውን ዴክ ተሸክመው አመጡልን። እናቴ ፊልሙን ከማየት ይልቅ እኔን ስታይ ነበር የዋለችው። ያን ሁሉ እርጅና ከየት አመጣሽው አለችኝ። ካለቀ በኋላ ደግሞ ልጅቷ ከናቷ ጋር ተስማምታ ኖረች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ኖረች አልኋት። ጎረቤትየው ዴካቸውን ይዘው ሄዱ፤ ሲዲውን እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቦርሳውን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊት ለመምህር በእጃቸው መለስሁ።

ብዙም ሳይቆይ የፊልማችን ኮፒ ሱቁን ሁሉ ሞላው። ሽፋኑ ላይ የነበረው ፎቶ የኔም የልጅቷም አይደለም፤ ከየት እንደመጣ የማናውቃት ቆንጆ ሴት ናት። አዲስ አበባ ያለው አከፋፋይ በስልክ፣ ገበያ ላይ ያለ ነገር ምን ብዬ ከእናንተ ልግዛ አለና ውሉን ተወው።

ካሜራ አንሺው ቤት ተሰበሰብን። ያን ቀን ማንም ሻይ አልጠጣም። መምህር ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ልብስ ሰፊው ነው መጀመሪያ የተናገረው።

«ሲዲው ከእኛ እጅ ወጥቶ ያውቃል?» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አማኑኤል መውሰዴን ያውቃሉ። እኔም የሆነውን እንዳለ ነገርኋቸው፤ ጎረቤትየው ያመጡት ማጫወቻ እንጂ የሚቀዳ ነገር እንዳልሆነ፣ ሲዲው ከዓይኔ እንዳልራቀ። ልብስ ሰፊው ሰው ሲተኛ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል አለ። መምህርን አየኋቸው፤ አንድ ቃል ቢናገሩ ነገሩ እንደሚያበቃ ተሰምቶኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ቀና ብለው የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦

«ማንንም አንውቀስ። ብቻ ይህን ኮፒ ማናችንም ቤታችን አናስገባ። አንየው።»

ሁላችንም እሺ አልን። እኔ ትክክል መሰለኝ፤ የተሰረቀ ልጅህን በሌባው ቤት ሄደህ እንደማየት ነው ብዬ አሰብሁ። ቃሌንም ጠበቅሁ።

ስሜን ለማጥራት ግን ብቻዬን ተንቀሳቀስሁ። መጀመሪያ ኮፒውን በብዛት ወደሚሸጠው ሱቅ ሄድሁ። ባለሱቁ ወጣት ነው፤ እንዳየኝ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ፤ እማማ እያለ አከበረኝ። ከየት እንዳገኘው ስጠይቀው ከመርካቶ እንደሌላው ዕቃ ተጭኖ እንደመጣ ነገረኝ። ይህ የሰው ላብ መሆኑን፣ መምህር ባሕር ዛፋቸውን መሸጣቸውን ነገርሁት። እውነት አዘነ። ከዚያ ግን እንዲህ አለኝ፦

«እማማ፣ ኦሪጅናሉን አምጡልኝና ኦሪጅናሉን ልሽጥ። የት አለ? ሰው ሊገዛ ይመጣል፤ ያለኝ ይሄ ነው። እናንተስ ፊልሙን የቆረጣችሁበት ፕሮግራም ተገዝቶ ነው?»

ካሜራ አንሺው ፕሮግራሙን ከእንደዚህ ዓይነቱ ሱቅ በሲዲ እንደገለበጠው ትዝ አለኝ። እናትየዋ ብቻዋን ስትሄድ የሚሰማው ያ አሳዛኝ ዜማም ከአንድ የህንድ ፊልም የተወሰደ ነበር። ዜማውን የሠራው ሰው ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ፊልም መኖሩን ሰምቶ አያውቅም። አመስግኜው ወጣሁ።

ፖሊስ ጣቢያም ሄጃለሁ። መርማሪው ትሑት ሰው ነበር። ሕጉ አለ አለኝ፤ ግን መጀመሪያ የቀዳውን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ከተማውን ሙሉ ልከስ ነው አለ። ስወጣ እስከ በሩ ሸኘኝና ባለቤቴ ፊልሙን በጣም ነው የወደደችው አለኝ። የት እንዳየችው አልጠየቅሁትም።

ከመርካቶ መምጣቱን ለልብስ ሰፊው ነገርሁት። ከአማኑኤል ወደ አዲስ አበባ አውቶብስ የለም እንዴ ብሎ መቀሱን አነሣ። ከዚያ በኋላ መከራከር ተውሁ። ማንም ፊት ለፊት ሌባ አላለኝም፤ ቢሉኝ ይሻል ነበር። ሰላምታው እያጠረ ሄደ። ጥምቀት ላይ ስንገናኝ ደህና ነሽ ብለው ያልፋሉ። አዲስ ድራማ ሊሠሩ ሲሰበሰቡ አልጠሩኝም፤ ድራማውም ዳር ሳይደርስ ቀረ። ልጅቷ ተመርቃ ሌላ አገር ተመደበች፤ ካሜራ አንሺው ባሕር ዳር ሄዶ ሱቅ ከፈተ።

በሌላ በኩል ሕዝቡ ይወደኝ ነበር፤ የሚያደክመኝም ይኸው ነበር። ገበያ ስሄድ ነጋዴው ይመርቅልኛል፤ ባጃጅ ነጂው አላስከፍልም ይላል። ሁሉም ኮፒውን ነው ያዩት። እየሳቅሁ አመሰግናለሁ። ቤቴ ስገባ ደግሞ ያንን ፊልም አወጣች የተባልሁት እኔ ነኝ። አንዳንዴ ራሴንም ተጠራጥሬ አውቃለሁ፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ ጥሎኝ ምን ሆኖ ይሆን እላለሁ፤ ደግሞ ቦርሳው ትራሴ ሥር እንደነበር አስታውሳለሁ። ጎረቤትየው ሲያገኙኝ እንደ ልጃቸው ነው የሚስሙኝ፤ እንዲህ ማሰቤን ቢያውቁ እያልሁ አፍራለሁ።

እናቴ ስታርፍ አማኑኤል ድንኳን ጣልን። ከማርቆስ ሚኒባስ በመጣ ቁጥር ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። የሥራ ጓደኞቼ መጡ፤ የሠፈር ሰው መጣ፤ በመንገድ ብቻ የሚያውቀኝ ሰው ሳይቀር መጣ። ከቡድኑ ማንም አልመጣም። መምህር ብቻ በሰው በኩል እግዚአብሔር ያጽናሽ ብለው ላኩብኝ። ሰው በደስታ ቢቀር ይረሳል፤ በለቅሶ የቀረ ሰው አይረሳም። ያኔ ነው ከልቤ የተውኋቸው።

ዓመታት አለፉ። ልጄ ከፍ አለች፤ እኔም ዱቄት ሳያስፈልገኝ ሽበት አበቀልሁ። አንድ ጠዋት ከሉማሜ አካባቢ የመጣች ሴት ሕፃን አዝላ ካርድ መስኮቱ ላይ ቆመች። አወቀችኝ። ፊልሙን ልጆቿ በስልክ ላይ እንዳላቸው ነገረችኝ። ከዚያም በመስኮቱ ጎንበስ ብላ፣ ያን ጥፊ ስትሰጫት እኔን ነው ያመመኝ አለችኝ።

ፊልሙ ውስጥ ጥፊ የለም አልኋት። አለ እንጂ፣ አውቶብስ ተራው ላይ አለች። ከኋላዋ የቆሙት ሴቶችም አለ ብለው መሰከሩ፤ አንዷ እንዲያውም በእጇ አሳየችኝ። ከዚህ በፊትም ስለ ጥፊ ያነሡልኝ ሰዎች ነበሩ፤ ከሌላ ፊልም ጋር አምታተውት ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ያን ቀን ግን ካርዱን ጽፌ ሰጠኋትና የሥራ ሰዓቱን ማለቅ ጠበቅሁ።

ከሥራ ስወጣ ወደዚያው ሱቅ ሄድሁ። ባለሱቁ ትዳር ይዞ ወፍሯል። ሲዲ አሁን ማን ይገዛል ብሎ ፍላሽ እንዳለኝ ጠየቀኝ። የልጄን ፍላሽ ይዤ ተመለስሁና የራሴን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሱቅ አስጫንሁ። አላስከፈለኝም። ቤት ገብተን ከልጄ ጋር ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተን አየነው። ሥዕሉ ደብዝዟል፤ ሽንኩርት ሻጯ ግን ክንዴን ይዛ ስትሄድ ትታያለች። አውቶብስ ተራው ሲመጣ እጄን አነሣሁና ልጅቷን መታኋት።

ልጄ ምን ሆንሽ አለችኝ። እኔ አማኑኤል የወሰድሁት ሲዲ ላይ ይህ አልነበረም። አዳራሽ ውስጥ የታየው ላይም አልነበረም። ይህ ኮፒ የተቀዳው ጥፊው ሳይወጣ በፊት ነው፤ ያኔ ደግሞ ኮምፒዩተሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አዲስ አበባ ነበር። ለእሷ ሳስረዳት ነው ሁለተኛው ነገር የገባኝ። ይህን ፊልም ያየ የቡድናችን ሰው ሁሉ በአንድ እይታ ሊያውቀው ይችል ነበር። አንየው ያሉን መምህር ነበሩ።

በማግሥቱ ቤታቸው ሄድሁ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። ባለቤታቸው ወንበር አምጥታልኝ ወደ ውስጥ ገባች። ምን ብዬ እንደምጀምር መንገድ ላይ ብዙ አዘጋጅቼ ነበር፤ ካዘጋጀሁት አንዱንም አላልሁም።

«መምህር፣ ኮፒውን አየሁት» አልኋቸው።

ሬዲዮውን ዘጉት።

«ጥፊው አለበት።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉት ቆዩ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ። ስቱዲዮው ኮምፒዩተሩን የተረከባቸው ያለ ምንም ወረቀት ነበር፤ እሳቸውም ሰውን አምነው ወደ ዘመድ ቤት ሄደው ከረሙ። ኮፒው በወጣ ቀን አንዱን ገዝተው አዩት፤ ጥፊውን ሲያዩ ከስቱዲዮው እንደወጣ ገባቸው። የሰው ሁሉ ደመወዝ በእሳቸው እጅ እንደጠፋ ሊነግሩን ወስነው ነበር ወደ ስብሰባው የመጡት። ልብስ ሰፊው ያን ሲጠይቅና ሁሉም ወደ እኔ ሲዞር ግን አፋቸው ተያዘ። ነገ እናገራለሁ አሉ፤ ነገ አለፈ። ቀኑ በራቀ ቁጥር መናገሩ እየከበደ ሄደ።

«አንቺ ትችይዋለሽ ብዬ ነበር» አሉኝ።

ተቆጥቼ ነበር የመጣሁት፤ ቁጣው ግን ከፊታቸው ስቀመጥ የት እንደገባ አላውቅም። አርጅተዋል። የጋቢያቸው ጫፍ አልቆ ክሩ ወጥቷል። እናቴ ስትሞት ማንም እንዳልመጣ ብቻ ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልሂድ ስል ሁለት ነገር ጠየቅኋቸው። አንዱ ለሌሎቹ ራሳቸው እንዲነግሩልኝ ነው፤ እሺ አሉ። ሌላው የታረመውን ፊልም እንዲሰጡኝ ነበር። ገብተው ከቁም ሣጥን አንድ ሲዲ አመጡ፤ ተፋፍቆ ማጫወቻ አያነበውም። ካሜራ አንሺውም ኮምፒዩተሩን ሲቀይር አጥፍቶታል አሉኝ። እንግዲህ እኛ የምንወደው ፊልም የትም የለም፤ በሰው ስልክ ውስጥ ያለው ያኛው ነው። እኔ ላልመታት የተከራከርሁላትን ልጅ አገሩ ሁሉ ስመታት እያየኝ ይኖራል ማለት ነው። ይህን ስሰማ የደከመኝ ድካም ሌላ ነው፤ መንገዱን እስከ ቤቴ በባጃጅ ሄድሁ።

መምህር ቃላቸውን ጠበቁ። የኤሌክትሪሻኑ አባት ሲያርፉ ማርቆስ የቀረነው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ተገናኘን። ቀትር ላይ ሰው ሳሳ ሲል መምህር ወደ እኛ ጠጋ ብለው ተቀመጡና በዝቅተኛ ድምፅ ነገሯቸው። አልሸፋፈኑም፤ የእኔ ጥፋት ነው፣ እሷ የለችበትም፣ ያን ጊዜም አውቅ ነበር አሉ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ መሬት መሬት አያለሁ። ምን እንደሚመጣ ፈርቼ ነበር፤ መምህርን እንዳይጮኹባቸውም ሰግቻለሁ።

ልብስ ሰፊው መምህርን አየ፣ እኔን አየ።

«እሱ ነገር ገና አለ እንዴ?» አለ።

በክፋት አልነበረም የተናገረው። ረስቶታል። ኤሌክትሪሻኑም፣ በኀዘኑ ላይ ሆኖ፣ እሱ ጊዜ እኮ ሁላችንም ተናድደን ነበር አለ። ከዚያ መቃብሩን ስላዘጋጁት ሰዎች ወሬ ተነሣ። እኔ ስንት ዓመት ተሸክሜው የኖርሁት ነገር እነሱ ዘንድ አንድ ወር እንኳ ያልቆየ ይመስላል። ስለረሱት ልናደድ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ኑሮ አለባቸው። የልብስ ሰፊው ዓይን ደክሞ ክር በመርፌ የምታስገባለት ሚስቱ ናት።

በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። መምህርና ልብስ ሰፊው ነበሩ፤ ኤሌክትሪሻኑ ራሱ ኀዘን ላይ ስለሆነ ሚስቱን ልኳል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ለማን ለቅሶ እንደመጡ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

«አልሰማንም ነበር፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለ ልብስ ሰፊው።

ሰምቶ እንደነበር አውቃለሁ። ማወቄንም ያውቃል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ አስቀመጥኋቸው። ልጄ ሻይ አፈላች። ስለ እናቴ ጠየቁኝ፤ ምን አሟት እንደነበር፣ ስንት ልጅ እንደወለደች፣ የት እንደተቀበረች። ትናንት የደረሰብኝ ይመስል ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኋቸው። ከዚያ ስለ ዘንድሮው ዝናብ አወራን፤ ዘንድሮ ጤፉ ይበላሻል ተባለ። ስለ ፊልሙ ማንም አላነሣም።

ዳመናው ሲከብድ ተነሡ። እስከ አስፋልቱ ሸኘኋቸው፤ መምህር መራመድ ስለከበዳቸው ክንዳቸውን ያዝሁላቸው። ባጃጅ መጥቶ ሦስቱም ተጣብበው ገቡ። ወደ ቤት ተመለስሁና ብርጭቆዎቹን አጠብሁ። ልጄ እነዚያ የፊልሙ ሰዎች ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ድሮ አብረን እንሠራ ነበር አልኋትና ጋደም አልሁ።